የመዲና ጎታ

በ2017 ዓ.ም. መኸር፣ በጨፋ ማሽላው አንገቱን ደፍቶ አጫጅ በሚጠብቅበት ሰሞን፣ የመዲና ሞት ተሰማ። ዙህር ሰግጄ መስገጃዬን እያጠፍኩ ነበር። የጸሐፊያችን የዘምዘም ስልክ ጮኸ። አነሳችው፣ አዳመጠች፣ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«መዲና» አለች። «ኦፕራሲዮን ገብታ አልወጣችም። ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ ያመጧታል።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ከየክፍሉ ሰው እየወጣ ኮሪደሩ በለቅሶ ሲሞላ፣ እኔ መስገጃዬን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁ። ይህን ያዩ ሰዎች «የሰሚር እናት ኢማኗ ጠንካራ ነው» ተባባሉ።

ኢማን አልነበረም። ከሐዘኔ ቀድሞ ልቤ ውስጥ የገባ ሌላ ነገር ነበር። ለኔ ይህን ያህል ሰው አያለቅስም፤ ያሰብኩት ይህን ነው። ልጅቷ ሞታም ቀናሁባት። አስተግፊሩላህ።

ከሚሴ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። መዲና እስክትመጣ አሥራ አራት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። ልጄን ያሳደግኩት በዚህ ሥራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። እንጀራዬ ያለው በአንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሲዲዎች፣ አራት ፍላሽ፣ ትንሽ መፍቻ፣ አቧራ መጥረጊያ ጨርቅ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ ሲኖር መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል። ስለዚህ ፕሮግራም የሚመጣው በቦርሳዬ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ሲበላሽ «የሰሚር እናት ትጠራ» ይባላል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እገባለሁ። ወንበር ይሳብልኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይመጣል፣ ቬንትሌተሩ ወደኔ ይዞራል። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቬንትሌተር ሲዞርለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ነው የሚጫነው። ኔክስት፣ ኔክስት፣ እስማማለሁ፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። አንዱ ሌላው ቀድሞት ካልገባ አይሠራም። የቱ ከየቱ በፊት እንደሚገባ የትም አልተጻፈም። ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው። ይህ ያኮራኝ ነበር። ብዙ አልናገርም፤ ሰው ዝምታዬን ጨዋነት ይለዋል፤ እኔም እንደዚያ እንዲባል ተውኩት።

መዲና በ2015 ዓ.ም. መጣች። የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አርባ ስድስት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልዷን ሳትጨርስ ራሷ ቀድማ የምትስቅ። አማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ መሻገሯን አታውቀውም። ስታስብ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። የመጀመሪያ ቀን ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፍ አየችኝ።

«ሃዳ ሰሚር» አለችኝ፤ በኦሮምኛ የሰሚር እናት ማለቷ ነው። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? የባቲ ገበያን ተሸክመሽ ነው እንዴ የምትዞሪው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። በሆዴ ያዝኩባት።

«ዩኒቨርሲቲ ሳለን በሊኑክስ ነበር የምንሠራው» አለች፣ ሲዲዎቼን አንድ በአንድ እያነሳች። «እዚያ ፕሮግራም የፈለገ ሰው ዲስክ ይዞ አይዞርም። አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፤ ሲስተሙ ራሱ ከማስቀመጫው ያመጣልሻል። ያ ፕሮግራም ሌላ የሚፈልገው ካለ እሱንም አስከትሎ ይመጣል። ምን የት እንዳስገባ ይመዘግባል። ሲበቃሽ ውጣ ትይዋለሽ፤ ፍርፋሪ ሳይተው ይወጣል።»

«እዚህ ያለው ዊንዶውስ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ሰዎች ለዊንዶውስም እንደዚያ አድርገው ሠርተውለታል። ግን ማስቀመጫው ኢንተርኔት ላይ ነው። እኛ ደግሞ…» ወደ ጣሪያው ጠቆመች። መብራቱ ጠፍቶ ነበር። «ማስቀመጫውን እኛው ቤት ብናደርገውስ?»

«እኛ» ትል ነበር ሁልጊዜ። ያን «እኛ» በሰማሁ ቁጥር፣ እሷ ከመጣች በኋላ እኔ ምን ልሆን ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አወጣች። አንዱ ጎኑ ክዳን የለውም። አስተማማኙ ሶኬት በኔ በኩል ስለሆነ ከኔ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠችው፤ አቧራ እንዳይገባው ነጠላ አለበሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ እግሬ ሥር ያጉረመርም ነበር። ስሙን ጎታ አለችው።

«እናቴ ቤት የእህል ጎታ አለ» አለችኝ። «ከላይ ሌላ ሰው ይሞላዋል። አንቺ ከታች በትንሿ ቀዳዳ የምትፈልጊውን ያህል ታወጫለሽ። በየክፍሉ ያለ ሰው ራሱ ቢያወጣ ምን አለበት?»

ምን እንዳለበት እኔ አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚጠራ የለም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ እዚያ ላይ ትእዛዝ ይጻፋል። ትእዛዞቹን በኦሮምኛ አደረገቻቸው፤ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ኪቦርዱን መቀያየር አያስፈልግም። አምጣ ለማለት «ፊዲ»፣ አውጣ ለማለት «ባሲ»፣ አድስ ለማለት «ሃሮምሲ»። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንዳንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጀች፤ «ማዘዣ» ነው የምትለው። የፕሮግራሙ ስም፣ ስንተኛው እትም እንደሆነ፣ ከሱ በፊት ምን መግባት እንዳለበት፣ ማን እንዳዘጋጀው። አንዳንድ መስመር ፊት ላይ ትንሽ ምልክት ታደርጋለች።

«ይሄ ምልክት ያለበትን ማሽኑ ይዘለዋል» አለችኝ። «ለሰው የተጻፈ ነው። ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ግራ እንዳይገባው።»

ከኛ በኋላ። በሃያ ስድስት ዓመቷ እንዲህ ታስብ ነበር።

አንድ ቀን የፋይናንስ ክፍል ኮምፒውተር ከባዶ መጫን ነበረበት። የኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መዲና ከወንበሯ ሳትነሳ አንድ መስመር ጻፈች። ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ስድስት ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ በተራው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ ገባ። ኔክስት የሚል አልነበረም። ፊኒሽ የሚልም አልነበረም።

«ያ አላህ!» አለች ዘምዘም። «የሰሚር እናት፣ ጉልበትሽ ሊያርፍልሽ ነው!»

ጉልበቴ ዕረፍት አልጠየቀም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ ላይ ወጣቶቹ «መዲና ፊዲ! መዲና ፊዲ!» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። እሷም «ሻይ እዘዙና አመጣለሁ!» ትላቸዋለች። በየክፍሉ ቬንትሌተሩ ወደ ነበረበት ዞረ። ቦርሳዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ማንም አላዋረደኝም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። መዲናም በሰው ፊት ሁሌ «ሃዳ ሰሚር ያስተማረችኝ ነው» ትል ነበር። ይህም አናደደኝ። የምትሰጠኝን ክብር እንኳ የምትሰጠኝ እሷ ሆነች። ሱጁድ ወርጄ «ያ ረብ፣ ይህን ነገር ከልቤ አውጣልኝ» እላለሁ። ቀና ስል ያው አለ።

ጎታውን ለመሙላት የኔ ቅደም ተከተል አስፈለጋት። ሁለት ከሰዓት በኋላ ከወንበሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ። የቱ ከየቱ ይቀድማል? የቱ ከየቱ ጋር ይጣላል? ነገርኳት። ስነግራት እየደረቅኩ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። ግን ነገርኳት፤ እውቀት መደበቅ ሐራም እንደሆነ አውቃለሁ።

አንዱን ብቻ አልነገርኳትም።

ያ አንዱ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ነው። የቢሯችን የድሮ ደብዳቤዎች፣ የገበሬው የመሬት ይዞታ ሁሉ ሳይቀር፣ የተጻፉት በድሮው የፊደል አሠራር ነው። ፕሮግራሙ ሲታደስ አዲሱ እትም ያን የድሮ ፊደል አያውቀውም። ደብዳቤው ይከፈታል፤ ግን ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ከዓመታት በፊት ባለማወቅ አድሼው፣ አሮጌው እትም ከደሴ እስኪመጣልኝ ድረስ አንድ ሙሉ ረመዳን ጾሜን ይዤ አስቸኳይ ደብዳቤዎችን ከወረቀት ላይ እንደገና ስጽፍ ከርሜአለሁ። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ሲዲ በቦርሳዬ የፊት ኪስ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ነገር ጽፌበት ነበር። የጻፍኩትንም ረሳሁት።

መዲና ደብተሯን ከመዝጋቷ በፊት ቀና ብላ አየችኝ።

«የቀረ ነገር አለ፣ ሃዳ ሰሚር? ማሎ፣ እባክሽ አስቢ እስኪ። ከተሳሳትኩ ሁሉም ማሽን ላይ ነው የምሳሳተው።»

ሻሼን አስተካከልኩ። ዝምታዬን የለም ማለት አድርጋ ወሰደችው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚወስደው።

በ2016 በጋ ኃላፊያችን ጋሽ ሁሴን ከየወረዳው ባለሙያ ጠሩ። ከባቲም መጡ። ጎታው ለወረዳዎቹም እንዲዳረስ ነው የታሰበው። መዲናን ደስታ አላስተኛትም ነበር፤ ጠዋት ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ አየሁ። ሰዉ ከኋላዋ ቆመ፤ እኔ ከጎኗ።

«አሁን በቢሮው ያሉት አርባ ኮምፒውተሮች በአንድ ትእዛዝ ይታደሳሉ» አለች።

«በአንድ?» አለ የባቲው ሰውዬ። «እኛ አንዱን ስናድስ ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብን!»

«አብሽር፣ ወንድሜ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን ቀን ተኛበት።»

ሳቁ። «ሃሮምሲ» ብላ ጻፈች። ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚታደሱት ፕሮግራሞች ዝርዝር ወረደ። ከላይ አራተኛው ላይ የአማርኛው መጻፊያ ነበር። በዓይኔ አየሁት። ከዝርዝሩ ሥር ጥያቄ መጣ፤ ይቀጥል ወይስ ይቅር? መዲና ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ወደኔ ዞረች።

«ሃዳ ሰሚር፣ ልጫነው?»

አንድ ቃል በቂ ነበር። ቆይ ማለት ብቻ። ከኋላዬ የነበረውን ሰው ሁሉ አሰብኩ፤ የዚያን የባቲውን ሰውዬ ሳቅ። ሥራ ፈቶ የሚውለውን ቦርሳዬንም አሰብኩ።

«ቢስሚላህ በይ» አልኳት።

«ቢስሚላህ» አለች። ተጫነችው።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ የአላህን ስም ጠርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ጠርቼው አላውቅም።

እንግዶቹ ምሳ በልተው ሳይመለሱ አንድ የጨፋ አዛውንት የይዞታ ደብዳቤያቸውን ግልባጭ ሊወስዱ መጡ። ዘምዘም ከፈተችው። ፊደል የለም። ጭረት፣ ነጥብ፣ ሣጥን። ሌላ ከፈተች። ያው። በየክፍሉ ጩኸት ተነሳ። አዛውንቱ ዱላቸውን ተደግፈው ስክሪኑን እያዩ «ልጄ፣ መሬቴ የት ሄደ?» አሉ። መዲና ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ።

ጋሽ ሁሴን በእንግዶቹ ፊት ጮኹባት። «ማን ፈቅዶልሽ ነው የነካሽው? ማንን አማክረሽ?»

የኔን ስም ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ። መልሱም ተዘጋጅቶልኝ ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች። «ማወቅ ነበረብኝ።»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ሦስት ቀን ከክፍል ክፍል እየዞርኩ አሮጌውን እትም መለስኩ። ወንበር ተሳበልኝ። ቬንትሌተሩ ዞረልኝ። «ያለ የሰሚር እናት ይሄ ቢሮ ምን ይሆን ነበር!» ተባለ። ሦስቱንም ቀን ቦርሳዬን የተሸከመችው መዲና ናት፤ ልከልክላት ብል አልሰማ አለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ከፊት ኪስ ሲዲውን አውጥታ ስትሰጠኝ ሽፋኑን ትንሽ አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ።

«ይሄን እንዴት አወቅሽው፣ ሃዳ ሰሚር?»

«ዕድሜ ነው» አልኩ።

«አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው» አለች።

መጀመሪያ ያዳንኩት ኮምፒውተር የዘምዘም ነበር። እዚያ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ደብዳቤ ለመዲና የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ፊደሉ አንድም አልተበላሸም።

ጎታው ተከለከለ። ግን ሰዉ ጥሞት ስለነበር መጀመሪያ በድብቅ፣ በኋላም በይፋ ተመለሰ። መዲና አንድ አዲስ ትእዛዝ ጨመረችበት፤ «ቀቢ»፣ ያዝ ማለት ነው። ቀቢ የተባለ ፕሮግራም ሌላው ሁሉ ሲታደስ ባለበት ይቆያል። የባቲው ሰውዬ ሳይቀር በፍላሽ ገልብጦ ወሰደው፤ በየጊዜው እየደወለ ይጠይቃታል። «መዲና ፊዲ» ማለቱ እንደገና ተጀመረ። ያ ማስጠንቀቂያ ግን ማህደሯ ውስጥ ቀረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአንድ ትልቅ ሥልጠና ተወዳደረች፤ ማህደሯ ንጹሕ አይደለም ተብሎ ቀረባት። ዘምዘም ነገረችኝ። «አላህ የተሻለውን ያምጣላት» አልኩ። ውስጤ አንድ ትንሽ ነገር ደስ አለው። ያ ነገር አሁንም በዓይኔ የሚታየኝ ይመስለኛል፤ እንደ ድመት ጥግ ላይ ተኝቶ።

ከሷ ጋር መሥራቴን አላቋረጥኩም። እሷም አልራቀችኝም። ስትመጣ ከሩቅ «አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሰሚር!» ትላለች። ልጄ ፈተና ላይ ሳለ ስሙን ጠርታ ዱዓ ታደርግለት ነበር። እኔ ለሷ ስሟን ጠርቼ ዱዓ ያደረግኩት ከታመመች በኋላ ነው።

ጥቅምት ላይ ሆዷ ውስጥ የሚወጣ ነገር አለ ተባለ፤ አዲስ አበባ ሄዳ ልትቀደድ ነው። ኦፕራሲዮን የሚገባ ሰው እኛ ዘንድ ሳይሄድ ሰውን አፉ ያስብላል። የበደልኩት ካለ ይቅር ይበለኝ ብሎ ይለምናል። መዲና በሁሉም ክፍሎች ዞረች። ጋሽ ሁሴንን «አፉ ይበሉኝ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን እየጠረጉ «አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ» አሏት። መጨረሻ ወደኔ መጣች። ብቻችንን ነበርን። ጎታው እግራችን ሥር ያጉረመርማል።

«ሃዳ ሰሚር፣ አፉ በይኝ። መጀመሪያ ቀን በቦርሳሽ ስቄብሻለሁ።»

«አፉ ብዬሻለሁ።» ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚለው አልኩ፤ «አንቺም አፉ በይኝ።»

የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም።»

ልናገር የምችልበት ጊዜ ነበር። ከደጅ የባጃጅ ጥሩምባ ሰማሁ፤ እሱ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ አለፈ፤ አሁንም አልተናገርኩም።

«ሁሉንም አፉ ብዬሻለሁ» አለች። ሻሿን ፈታችው። «ጎታውን አደራ። ማዘዣዎቹን አንድ በአንድ አንብቢያቸው።»

አላነበብኳቸውም። የሷን ሥራ ከፍቼ ማድነቅ አልፈለግኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሬ ሥር እያጉረመረመ አላነበብኩትም።

ሞቷ በተሰማበት ከሰዓት፣ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን እኔ ቀረሁ። የከበደኝ የሷ ሐቅ ነው፤ እሷን የበደልኩት። በኔና በአላህ መካከል ያለውን እሱ ይምረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሰው ሐቅ ግን ከሰውየው ነው የሚለመነው። ባለሐቋ ሄደች። አዎ፣ አፉ ብላኛለች። ግን ላላወቀችው ነገር አፉ ብትለኝ ምን ይሆንልኛል? በማታለል የተገኘ ይቅርታ ነው፤ እሱም ሌላ ስርቆት።

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ማዘዣዎቹን ከፈትኩ። አንድ በአንድ። ንጹሕ ሥራ ነው፤ አሁን እመሰክራለሁ። ብዙዎቹ ላይ «ቅደም ተከተሉን የነገረችን ሃዳ ሰሚር» የሚል መስመር አለ። ወደ አማርኛው መጻፊያ ደረስኩ። «ቀቢ» ይላል። ከሱ በላይ፣ ማሽኑ የሚዘለው ለሰው የተጻፈው መስመር አለ፦

«ይህ አይታደስም። ምክንያቱን ከኛ በፊት የምታውቀው ሃዳ ሰሚር ናት። እሷን ጠይቁ።»

የተጻፈበት ቀን ጎኑ ላይ አለ። ያ ጥፋት በደረሰ በሁለተኛው ቀን።

ተነስቼ ቦርሳዬን አመጣሁ። ከፊት ኪስ ሲዲውን አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ በኔ እጅ፣ ከዓመታት በፊት፣ በዚያ ረመዳን ማግስት፣ «አይታደስም» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለም። ቁጥብ ሰው ነኝ።

ታውቅ ነበር። ሦስተኛውን ቀን ቦርሳዬን የተሸከመችው አውቃ ነው። ማስጠንቀቂያውን ስትፈርም፣ ሥልጠናው ሲቀርባት፣ ለልጄ ዱዓ ስታደርግ ታውቅ ነበር። «ሁሉንም?» ብላ የጠየቀችኝ፣ ራሴ እንድናገረው በሩን ከፍታልኝ ነው። ሳልናገር ስቀርም «ሁሉንም» አለች። አፉ ያለችኝ አውቃ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩና እዚያው ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። ስጨርስ አሁንም ቀናሁባት። እኔ በሷ ቦታ ብሆን አላደርገውም ነበር።

በማግስቱ ሱብሒን ሰግጄ በጊዜ ቢሮ ገባሁ። ማዘዣውን ከፈትኩ። የሷን መስመር አልነካሁም። ከሥሩ ምክንያቱን በሙሉ ጻፍኩ፤ የድሮው ፊደል ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠፋ፣ ቢጠፋ እንዴት እንደሚመለስ፤ የሚያነበው ሰው እኔን መጥራት እንዳያስፈልገው አድርጌ። ከዚያ አሮጌውን ሲዲ ጎታው ውስጥ ገልብጬ ወደ ግቢ ወረድኩ።

ሠራተኛው ለቀብሩ ወደ ጨፋ ሊሄድ ሚኒባሱ ዙሪያ ተሰብስቧል። ጋሽ ሁሴን ጥቂት ቃል ይናገሩ ነበር።

«ትጉህ ልጅ ነበረች» አሉ። «ያቺ አንዲት ጥፋት ብትኖርባትም፣ ሰው ናት፣ አላህ ይማራት።»

እጄን አነሳሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

«ጋሽ ሁሴን፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ያ ፕሮግራም መታደስ እንደሌለበት አውቅ ነበር። ጠይቃኛለች፤ አልነገርኳትም። ልጫነው ስትለኝም ቢስሚላህ በይ አልኳት። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከማህደሯ ይውጣልኝ። በኔ ስም ይጻፍ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ዘምዘም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«የሰሚር እናት!» አሉ ጋሽ ሁሴን። «አንቺ? ለምን?»

ምክንያት ፈለግኩ። ቦርሳው፣ ወንበሩ፣ ቬንትሌተሩ፣ አሥራ አራቱ ዓመት፤ ሁሉም አፌ ድረስ መጡ። መለስኳቸው።

«ቀንቼባት» አልኩ።

ከዚያ ከሴቶቹ ጋር መኪናው ውስጥ ገባሁ።